ሁለት ሳህንና ሦስት ሽማግሌዎች

ሰው ምን መብላት እንዳለበት ከበላተኛው በስተቀር ሁሉም ያውቃል። ሐኪም ያውቃል፤ ጎረቤት ያውቃል፤ አማት ከሁሉም አስበልጠው ያውቃሉ፤ ሚኒባስ ውስጥ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው እንኳ ጭናችሁ ላይ ያለውን ፌስታል በዓይኑ መዝኖ «ቲማቲም ለጨጓራ አይሆንም» ይላችኋል። አባቶቻችን ግን ይህን ሁሉ ክርክር ገና ድሮ «ጎመን በጤና» ብለው ዘግተውት ነበር። እስቲ ልብ ብላችሁ እዩት። ወጪው መቀነስ እስከሚችልበት ድረስ ቀንሷል፤ ጤና ተጠብቋል፤ የሚበላውም ነገር በስሙ ተጠርቷል። ይህንኑ ነገር ዛሬ ለማለት ዩኒቨርሲቲ መግባት፣ ላፕቶፕ መግዛትና መብራት እንዳይጠፋ መጸለይ ያስፈልጋል። ስሙም «ኦፕቲማይዜሽን» ነው።

ቃሉን ወደ ቤታችን ያመጣው የሚስቴ ታናሽ ወንድም ቢኒያም ነው። ቢኒያም ሒሳብ የተማረ ልጅ ነው፤ መማሩ ባልከፋ፣ ሒሳቡን ይዞ እራት ላይ ይመጣል እንጂ። የሚሠራው ላላደጉ አገሮች የአመጋገብ ዕቅድ በሚያወጣ አንድ ድርጅት ውስጥ ነው። ሥራውን ሲያስረዳኝ እንዲህ አለ፤ ገበያ ላይ ያለው ምግብ ሁሉ ከነዋጋው ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል። እያንዳንዱ ምግብ ምን ያህል ብረት፣ ምን ያህል ፕሮቲን፣ ምን ያህል ቫይታሚን እንዳለው ይጻፍበታል። ከዚያ ማሽኑ፣ ሰው ከሚያስፈልገው ነገር አንዱም ሳይጎድልበት በትንሹ ወጪ ምን ቢበላ ይሻላል ተብሎ ይጠየቃል። መልሱ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይወጣል። ይህንማ ሚስቴ ዘንቢል አንጠልጥላ አቃቂ ገበያ በገባች ቁጥር ትሠራዋለች ብዬ ብነግረው በሐዘኔታ ሳቀ። እሷ በአንድ ጊዜ የምታስበው ሁለት ሦስት ነገር ነው፣ ማሽኑ ግን ገበያውን በሙሉ አንድ ላይ ያያል አለኝ።

እኔ ሳይንስ አልጠላም። ከሳሪስ ቱሉ ዲምቱ በየቀኑ የሚመላለስ ሰው ደግሞ ኦፕቲማይዜሽንን ከማንም በፊት በጉልበቱ ያውቀዋል። ወያላው በትንሹ ቦታ ላይ ብዙውን ሰው የማስቀመጥ ጥበብ አለው። የሚጎድለው አንድ ነገር፣ ቢኒያም «ገደብ» የሚለው ነገር ብቻ ነው፤ ሚኒባሱ ሞልቶ ከፈሰሰ በኋላም «አንድ ሰው የቀረው» እያለ ይጣራል። ያ አንድ ሰው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አልታወቀም። ሁላችንም ተሳፍረን እንኳ እሱ ገና ነው።

ወደ ነገሬ ልመለስ። ጉዳዩ ከእራት ላይ ጨዋታ አልፎ የቤታችን ጉዳይ የሆነው ሚስቴ ትዕግስት ሁለተኛ ልጃችንን ስታረግዝ ነው። ጤና ጣቢያ ለክትትል ስትሄድ ሲስተሯ ደሟ ዝቅ ማለቱን፣ ክብደቷም መጨመር ሲገባው ባለበት መቆሙን ነገረቻት። የብረት እንክብል ሰጠቻትና እንክብሉ ብቻውን እንደማይበቃ፣ ምግብ መብላት እንዳለባት አስጠነቀቀቻት። ትዕግስት የመጀመሪያ ልጃችንን ሊዲያን ስትወልድ ብዙ ደም ፈስሷት ነበር። ያን ቀን ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ የተሰማኝ ፍርሃት፣ ሁሉን ነገር ቀልድ ለማደርገው ለእኔ እንኳ ዛሬም ቀልድ አይወጣውም። ስለዚህ ሲስተሯ ስለ ደም ያለቻትን ስሰማ ያ ኮሪደር ተመለሰብኝ። ትዕግስት ግን እበላለሁ፣ ምን አስጨነቃችሁ አለች። እውነቷን ነው፤ የምትበላ መስሏት ነበር።

ለቢኒያም ደወልኩ። ለሚሊዮን ሕዝብ የሚያቅድ ልጅ ለእህቱ ማቀድ አያቅተውም አልኩ። በማግስቱ ላፕቶፑን ይዞ ደረሰ፤ የሽንኩርቱን፣ የምስሩን፣ የእንቁላሉን ዋጋ ከእህቱ እየጠየቀ አስገባ፤ ነፍሰ ጡር ምን ምን እንደሚያስፈልጋት አስገባ፤ ከዚያ አንድ ቁልፍ ተጫነ። ሦስታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ኮምፒውተሩ ትዕግስትን ጠዋት ተልባ፣ ቀን ጎመንና ባቄላ፣ ማታ እንደገና ተልባ፣ በመካከሉ ትንሽ ጉበት እንድትበላ ፈርዶባታል። ሽንኩርት የለም። በርበሬ የለም። ዘይት ለመድኃኒት ያህል። በየቀኑ፣ እስክትወልድ ድረስ። «ተልባ ቢንጫጫ በአንድ ሙቀጫ» ሲባል ሰምቻለሁ፤ ተልባ ሁሉ በአንድ ሰው ሆድ ሲባል ግን ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ቢኒያም ግራ ተጋብቶ ደጋግሞ ካየው በኋላ ሒሳቡ ትክክል ነው አለ።

«እንግዲያው ሒሳቡ ይብላው» ብላ ትዕግስት ወደ ወጥ ቤት ገባች።

ጥፋቱ የማሽኑ እንዳልሆነ ቢኒያም ሳይሰለች አስረዳኝ። ማሽን ምላስ የለውም። ተልባ በቀን ሁለቴ እንደሚያንገፈግፍ ካልነገሩት አያውቅም፤ እያንዳንዱን ነገር «ይህን አትለፍ» እያሉ በገደብ መንገር ያስፈልጋል። ነገርነዋ። ሁለተኛው መልስ ምላስ ካለው ሰው የወጣ ይመስል ነበር፤ ሽሮ ገባ፣ ምስር ገባ፣ ሽንኩርትና በርበሬም ምሕረት ተደረገላቸው። ችግሩ ረቡዕ ላይ እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ማዘዙ ነው። ትዕግስት ረቡዕንና ዓርብን ከእኔ በፊት ታውቃቸዋለች። የንስሐ አባቷ ነፍሰ ጡር ናትና እንድትበላ ፈቅደውላት፣ «እሺ አባ» ብላ መስቀል ተሳልማ ወጥታ የጾመች ሴት ናት። ለቄስ ያልታዘዘች ለኮምፒውተር ልትታዘዝ ነው? «ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ» ያለው ሰው ረቡዕ ቀን ሳይሆን አይቀርም። ቢኒያምም ፕሮግራሙ ላላደጉ አገሮች በሙሉ አንድ ላይ የተሠራ ስለሆነ ረቡዕን ከማክሰኞ እንደማይለይ አመነ። ያላደግን አገሮች ይህን ያህል እንመሳሰላለን እንዴ? የድሃ ሆድ ሁሉ አንድ የሚመስለው ድሃ ቤት ተጋብዞ የማያውቅ ሰው ብቻ ነው።

ሦስተኛው መልስ ጥሩ ሆነ። እውነቴን ነው፣ ልጁን ማማት አልፈልግም። የጾም ቀን በጾም ምግብ ተሞላ፤ በፍስክ ቀን እንቁላልና ጉበት መጣ፤ ጎመኑ በልኩ፣ ተልባው ሰው በሚችለው መጠን ገባ፤ ወጪውም ከለመድነው የበለጠ አልነበረም። ቢኒያም ገደቦቹ ሁሉ ተሟልተዋል ብሎ ወረቀቱን ፍሪጁ ላይ ለጠፈውና እጁን አራገፈ። እኔም ከዚያ ቀን ጀምሮ ገበያውን እኔው ያዝኩት። ጉበት የምገዛበት ሥጋ ቤት ሰውዬው ሰላምታውን ለወጠልኝ።

ከሳምንታት በኋላ ትዕግስት ጤና ጣቢያ ሄዳ ተመለሰች። ደሟ እዚያው ነው። ክብደቷም እዚያው። ሲስተሯ ተቆጥታለች፤ እንዲህ ከቀጠለ ወደ ሆስፒታል እልክሻለሁ ብላታለች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልደብቃችሁ አልፈልግም። ሱሪዬ እምቢ ብሎኝ ነበር። ሊዲያም ጉንጯ ሞልቶ ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ይቆነጥጣት ጀምሮ ነበር። በቤቱ ውስጥ በሳይንስ ያልተነካችው ዕቅዱ የተዘጋጀላት ሴት ብቻ ናት።

ቢኒያም አጭበርብራችኋል አለ። ማልን። ያለው ሁሉ ተገዝቷል፣ ተሠርቷል፣ ተበልቷል። ታዲያ የት ሄደ? በዓይኔ ካላየሁ ብሎ አንድ ማታ ለእራት መጣ፤ ሊመረምር እንጂ ሊበላ እንዳልመጣም አስታወቀ። ትሪው ቀረበ። ጉበቱ በትዕግስት በኩል ተደርጓል። የመጀመሪያውን ጠቅለል አድርጋ ሊዲያን አጎረሰች። የሚቀጥለውን ለእኔ። እኔ አንቺ ብዪ ልላት ነበር፣ ግን አፌ ሞልቶ እንዴት ልበል? ሌላውን ቢኒያም እኔ ለጥናት ነው የመጣሁት እያለ ተቀበለ። ጉርሻ ደግሞ ሲመለስ ነውር ነው፤ ፍቅርና ጉርሻ ሲያስጨንቅ ነው ይባል የለ? እኛ ተጨንቀን ተጨንቀን ጉበቱን ጨረስነው። ትዕግስት ጉበቱ የነካውን እንጀራ እየጠራረገች ስትበላ ቆይታ፣ ጠግቤያለሁ ብላ እጇን ሰበሰበች።

ቢኒያም መንጋጋው ገና ሥራ ላይ እያለ ችግሩን አገኘው። ማሽኑ አንድ ሰው አንድ አፍና አንድ ሳህን አለው ብሎ ነው የሚያስበው። እዚህ ቤት ደግሞ አፍ ብዙ፣ ትሪ አንድ፣ የትሪው አዛዥ ደግሞ ራሷ ታማሚዋ ናት። መፍትሔው ግልጽ ነው አለ፤ የትዕግስት ምግብ በሚዛን ተመዝኖ ለብቻዋ በሳህን ይቅረብ፤ እኔና ሊዲያ በሌላ ሳህን እንብላ፤ ከሳህን ወደ ሳህን ጉርሻ እንዳይተላለፍ። ትዕግስት ምንም አላለችም። እኔ ዝምታዋን እሺታ አድርጌ ወሰድኩት። ባሎች የሚስትን ዝምታ የምንተረጉምበት ፕሮግራም ቢሠራ ጥሩ ነበር፤ ግን እሱን ማንም አላሰበበትም።

እናም ሁለት ሳህን ሆንን። እኔ ትዕግስት ፊት ለፊት እቀመጣለሁ፣ እንደ ፈተና ተቆጣጣሪ። እጇ ወደ ሊዲያ ሲዘረጋ «ያንቺ ነው፣ ያንቺ ነው» እላለሁ። ሊዲያ አፏን ከፍታ ጠብቃ ጠብቃ ትዘጋዋለች። ትዕግስት ከበላች በኋላ የቀረውን ሚዛን ላይ አስቀምጬ ይህን ያህል ግራም ተርፎሻል ብዬ እነግራታለሁ። ከሠርጋችን ቀን ወዲህ ለሚስቴ ይህን ያህል ትኩረት ሰጥቼ አላውቅም፤ እንደ ፍቅር ነበር የምቆጥረው። የሚተርፈው ግን በየቀኑ እየበዛ መጣ። አልወርድ አለሽ ወይ ብላት ትከሻዋን ትነቀንቃለች። እኔ ደግሞ እየፈራሁ ስሄድ እየተቆጣሁ እሄዳለሁ፤ የወንድ ፍርሃት ሌላ መውጫ በር የለውም መሰለኝ።

እንዲህ እያለን ነው ከፊት ለፊታችን የሚኖሩት እትዬ አልማዝ የተዋሱትን ወንፊት ሊመልሱ የገቡት። ሰው ሲበላ የደረሰ ሰው «እንብላ» ይባላል። እኔም ከሶፋው ላይ እንብላ አልኩ፣ ትዕግስትም ከጠረጴዛው እንብላ አለች። እትዬ አልማዝ መሐል ወለል ላይ ቆመው ቀሩ። ወደየትኛው ሳህን ይቅረቡ? ወደ እኔ ቢመጡ እሷን መጥላት ነው፤ ወደ እሷ ቢሄዱ እኔን። አንዴ የእኔን ሳህን፣ አንዴ የእሷን፣ ከዚያ በመካከላችን የተቀመጠውን ሚዛን አዩ። በልቻለሁ ብለው ወንፊቱን ሳይሰጡን እንደያዙት ወጡ። እኔ ስለ ወንፊቱ ነበር የገረመኝ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ስከፍት ሦስት ሽማግሌዎች ተደርድረዋል። ከፊት ጋሽ ወልዴ ናቸው፤ አቃቂ ባቡር ጣቢያ ሲሠሩ አርጅተው ጡረታ የወጡ፣ በሰፈሩ ያላስታረቁት ሰው የሌለ። ከኋላቸው ሐጂ ሸምሱ፤ ከስልጤ መጥተው የብሎካችን ሥር ሱቅ የከፈቱ፣ የእያንዳንዱን ቤት ገመና ሰው ከሚገዛው ዕቃ የሚያነቡ። ሦስተኛው የብሎኩ ኮሚቴ ሰብሳቢ አቶ ደምሴ ናቸው፤ ለሽምግልና ገና ልጅ ቢሆኑም ስብሰባ ከሚያመልጣቸው ምሳ ቢያመልጣቸው ይመርጣሉ። እኔ ስለ ውሃ ፓምፑ የመጡ መስሎኝ እባካችሁ ግቡ አልኩ።

ጋሽ ወልዴ ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሰይጣን የማይገባበት ቤት የለም ሲሉ ጀመሩ። ነገሩ የገባኝ ሐጂ ሸምሱ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውን ተረት ሲያስከትሉ ነው። ሳቄ መጣ። በልበ ሙሉነት ማስረዳት ጀመርኩ። ጠብ የለንም አልኳቸው፤ ጋሽ ወልዴ ወደ ሐጂ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ፣ የተጣላ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚለው ይህንኑ ነውና። ሳህኑን የለየነው በጥናት ነው አልኩ፤ ሐጂ ጭራሽ ታስቦበታል ማለት ነው አሉ። የሚስቴ ወንድም ነው የመከረን ስል አቶ ደምሴ ጉዳዩ ቤተ ዘመድ ዘንድ መድረሱን አረጋገጡ። በመጨረሻ የእያንዳንዳችን ድርሻ በሚዛን እንደሚለካ ስገልጽ ጋሽ ወልዴ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቤት የተካፈሉ ባልና ሚስት አይቻለሁ፣ ዕቃ የተካፈሉም አይቻለሁ፣ ምስር በግራም የተካፈሉ ግን በዕድሜዬ የመጀመሪያዎቹ እናንተ ናችሁ አሉ።

ፍሪጁ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት ገንጥዬ አሳየኋቸው። አቶ ደምሴ ተቀብለው ፊርማ ፈለጉበት። ተስፋ ሲያልቅብኝ ወደ ትዕግስት ዞሬ፣ እስቲ አንቺ ንገሪያቸው አልኩ።

«አንቺስ ልጄ፣ ምን ትያለሽ?» አሉ ጋሽ ወልዴ።

ትዕግስት ወለሉን እያየች መለሰች።

«ተጣልተናል።»

ከማን ጋር ብዬ ልጠይቅ ምንም አልቀረኝም ነበር። ሽማግሌዎቹ ግን ወንበራቸውን ወደ እሷ አስጠጉ፤ ይሄኔ እኔ በገዛ ቤቴ እንግዳ ሆንኩ።

«ፊቴን ካየ ቆየ» አለች። «የሚያየው ሳህኔን ነው። ልጄን አላጎርስ፣ የሚያጎርሰኝም የለ። አንድ ቀን እንኳ ‹አፈር ስሆን› አላለኝም፤ ‹ይህን ያህል ቀርቶሻል› ነው የሚለኝ። ብቻዬን ተቀምጬ ስበላ ለበሽተኛ የቀረበ ምግብ እየመሰለኝ እዚህ ጋ ይቆምብኛል።» ጉሮሮዋን ያዘች። «እኔም እኮ ፈርቻለሁ። የፈራው እሱ ብቻ ይመስለዋል።»

አፈርኩ። ሌላ የምለው የለኝም፣ አፈርኩ። ያን ሁሉ ሳምንት ሁለታችንም አንድ ፍርሃት ይዘን፣ እሱንም ለየሳህናችን ከፍለን ስንበላ ከርመን ነበር።

ሽማግሌዎቹ በረንዳ ላይ ወጥተው ተንሾካሾኩና ተመለሱ። ፍርዱን ጋሽ ወልዴ ተናገሩ፣ አቶ ደምሴ እያንዳንዱን ነጥብ በራሳቸው ንቅናቄ አጸደቁ። ሳህኑ ከዛሬ ጀምሮ አንድ ይሆናል። ሚዛኑ ወደ ሳጥን ይገባል። ትሪው ላይ የሚቀመጥ ሰው ሁሉ፣ ባልም ይሁን ልጅ ወይም እንግዳ፣ ራሱ ከመጉረሱ በፊት ትዕግስትን ያጎርሳል፤ እሷም እምቢ ማለት አትችልም። እስክትወልድ ድረስ ደግሞ እሷ ማንንም አታጎርስም። የመጨረሻውን ስትሰማ ትዕግስት ተነሳች፤ ልጄን ሳላጎርስ እንዴት እበላለሁ ብላ እንባዋ መጣ። ሐጂ ሸምሱ ዝግ ብለው ተናገሩ።

«ልጄ፣ በጎረስሽ ቁጥር እኮ አንዱን እያጎረስሽ ነው። እሱ እጅሽን ማየት ስለማይችል በአፍሽ በኩል አድርጊለት።»

ትዕግስት ተመልሳ ተቀመጠች። ፍርዱ እዚያው ተፈጸመ። ሐጂ ባሉበት ሥጋ አይቀርብምና ሽሮ፣ ጎመንና እንቁላል ቀረበ፤ የቢኒያምን ወረቀት ያየ ሰው ያን ቀን ያቀድነው ይመስለው ነበር። አፈር ስሆን ብዬ አጎረስኳት። ጋሽ ወልዴ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ደገሟት። ሐጂ ሠለሱ። ሊዲያ ግማሹን አገጯ ላይ ግማሹን አፏ ውስጥ አደረገችላት። አቶ ደምሴ በኮሚቴው ስም አጎረሱ። ትዕግስት በቃኝ ስትል ፍርድ መጣስ ነው ይሏታል፤ ስቃ ስቃ ማኘክ አቃታት። ትሪው ሲነሳ በእሷ በኩል አንዲት ቅጠል ጎመን አልተረፈም።

እርቅ ደግሞ ተፈጽሞ የሚተው ነገር አይደለም አሉ ጋሽ ወልዴ ሲወጡ፤ እንደ ሐዲድ በየጊዜው ሊታይ ይገባዋል። ስለዚህ በየእሑዱ ሊያዩን ይመጡ ጀመር። የሚመጡት ሁልጊዜ ትሪው ሊቀርብ ሲል ነው፤ አንቀመጥም፣ ደህንነታችሁን ልናይ ብቻ ነው ይላሉ፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። ሐጂ ከሱቃቸው ቴምርና ምስር ይዘው ይመጣሉ። ጋሽ ወልዴ ምርቃት ይዘው ይመጣሉ። አቶ ደምሴ አጀንዳ ይዘው ይመጣሉ። ሁሉም ግን አንድ ሰው ሳያጎርሱ እጃቸውን ወደ አፋቸው አይመልሱም። በሥራ ቀን ደግሞ እትዬ አልማዝ ወንፊቱን እየመለሱና እየተዋሱ ሁለት ጉርሻ ሰጥተው ይወጣሉ። ትዕግስት በሬዲዮ እንኳ ያልተነገረ ቅጣት ደረሰባት።

ቢኒያም ይህን ሁሉ ሲሰማ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ አሰበ፣ ቀጥሎ ላፕቶፑን ከፈተ። ነገሩን በገደብ መልክ ሊያስገባው ፈለገ። ጉርሻ ስንት ግራም ነው ብሎ ጠየቀኝ። የማን ጉርሻ አልኩት? የጋሽ ወልዴ ለአንድ ቤተሰብ ይበቃል፣ የሊዲያ አየር ላይ ያልቃል። ከዚያ ሦስቱን ሽማግሌዎች ወጪው ላይ ደመራቸው፤ ርካሹ የአመጋገብ ዕቅድ በሰፈሩ ውዱ ሆነ። እህቱ ጉርሻ እምቢ እንዳትል፣ ሌላም እንዳታጎርስ፣ ብቻዋንም እንዳትበላ የሚለውን አንድ ላይ ሲያስገባ ማሽኑ መፍትሔ የለም ብሎ መለሰ። ይህን ሲለን ትዕግስት ከአጠገቡ ተቀምጣ ከእጄ ላይ ጉበት እየበላች ነበር። ልጁን አልወቅሰውም። ምን መብላት እንዳለባት ማሽኑ በትክክል ነግሮናል። ከሳህኑ እስከ አፍ ያለውን መንገድ ነው ያላየው፤ እሱን መንገድ ሐዲድ ላይ የኖሩ ሰው ያዩታል።

በሚቀጥለው ክትትል ሲስተሯ ወረቀቱን አየት አደረገችና ደጋግማ አየች። ደሟ ከፍ ብሏል፣ ክብደቷም ተነስቷል። ምን አደረጋችሁ ስትል እኔ ስለ ኦፕቲማይዜሽን ላስረዳ ጉሮሮዬን ጠረግ አደረግሁ። ትዕግስት ቀደመችኝና ሽማግሌ ገብቶብን ነው አለቻት። ሲስተሯ ከዚያ በኋላ ለእኔ ሰላምታ የሰጠችኝ በጎን እያየችኝ ነው።

ትዕግስት በሰላም ወለደች። ኮሪደሩ ላይ ቆሜ የጠበቅሁት ያው እኔ ነኝ፣ ፍርሃቱም ያው ነው፤ ብቻ ሲጠሩኝ የሰማሁት የልጅ ለቅሶና የእሷን ሳቅ ነው። ወንድ ልጅ። አለቀስኩ፣ ይኼንንም አልደብቃችሁም።

ሽማግሌዎቹ ሊጠይቁ መጡ፤ ገንፎውን በልተው ሕፃኑን መረቁ። ከዚያ ጋሽ ወልዴ ጉሮሯቸውን አጥርተው፣ እንግዲህ ነገሩ በመልካም ስላለቀ እርቁን ዛሬ መርቀን እንዝጋውና በየእሑዱ ባናስቸግራችሁስ አሉ። አቶ ደምሴ ጉዳዩ ከአጀንዳ እንዲሰረዝ ተስማሙ። እኔም ለጓዳው ወጪ ስል ደስ አለኝ፤ ትዕግስትን ልጠይቅ ወደ መኝታ ቤት ገባሁ። ልጁን ታቅፋ እያጠባች ነው። ሽማግሌዎቹ እርቁን ሊዘጉ ነው፣ ምን ልበላቸው አልኳት። ልጁን ከአንዱ ጡት ወደ ሌላው እያዛወረች ጠየቀችኝ።

«ቢኒ ለምታጠባ ሴት ምን ያህል ይላል?»

ከነፍሰ ጡር የበለጠ እንደሚል ነገርኳት።

«እንግዲያው ገና አልታረቀችኝም በላቸው» አለች።